ኦስናት "የረሳችው" አማርኛ

ኦስናትን ንቀት ያምርባታል። አንዳንዷን ሴት ወርቅ ያምርባታል፣ አንዳንዷን ዝምታ፤ እሷን ንቀት። ቢሉ ሴንተር በሚባለው የገበያ ማዕከል ካሉት የጫማ መደብሮች የአንዱ ኃላፊ ናት። ደንበኛ በሩን አልፎ ሲገባ ከጫማው ትጀምርና ቀስ እያለች ወደ ላይ ታየዋለች፤ ዓይኗ ፊቱ ጋ ሲደርስ ፍርዱ ተሰጥቷል። ሀብታሙን ለአለባበሱ፣ ድሃውን ለድህነቱ፣ ተማሪውን ለመነጽሩ ትንቃለች። ከሁሉ በላይ አንጀቷን የሚያሳርራት ግን በአማርኛ እየተንጫጫ የሚገባ ያገሯ ሰው ነው። "ሃያ ዓመት እዚህ አገር ኖረው የጫማ ቁጥራቸውን እንኳ በዕብራይስጥ መናገር አልቻሉም!" ትላለች ለሠራተኞቿ። ሠራተኞቿ ይስቁላታል። ስለሳቁላት ደግሞ እነሱንም ትንቃለች።

ስሟ ይታየሽ ነበር። ከወላጆቿ ጋር ከጎንደር ተነስታ እዚህ ስትደርስ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዋ አስተማሪ "ይታየሽ" ማለት ቢያቅታት "አንቺ ኦስናት ነሽ" አለቻት፤ በቃ፣ ኦስናት ሆነች። ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ጠጣችው፤ መዘዙም ከዚያ መጣ። የሚኖሩበት ሕንፃ ከታች እስከ ላይ ያገሯ ሰው የሞላበት ነበርና ልጅቱ የሕንፃው ሁሉ ምላስ ሆና አረፈችው። ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ እሷ፣ መምህር ወላጅ ሲያስጠራ እሷ፣ ሐኪም ቤትም እሷ። የጎረቤት ሴት የማሕፀን ሕመሟን ለወንድ ሐኪም ስትዘረዝር በመሃል ቆማ ያስተረጎመች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ቋንቋዋን ብትጠላ ይፈረድባታል? አይፈረድባትም። የሚፈረድባት በኋላ ባደረገችው ነው።

በአሥራ አራት ዓመቷ፣ እንደ ብዙ ያገሯ ልጆች፣ ወደ ፕኒሚያ ተላከች፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ለፋሲካ ስትመለስ ገና ሻንጣዋን ሳታሳርፍ አንዲት ጎረቤት ደብዳቤ ይዛ በሩን አንኳኳች።

"ይታየሽዬ፣ እንኳን መጣሽ! እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።"

ልጅቱ ደብዳቤውን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ከዚያም ትከሻዋን ሰብቃ "አኒ ሎ ሜቪና" አለች። አይገባኝም ማለቷ ነው። ደጋግመው ቢጠይቋት መልሷ ያው፤ አማርኛ ጠፍቶብኛል፣ ረስቼዋለሁ፣ አኒ ሎ ሜቪና።

ማንም አልተጠራጠረም። ፕኒሚያ አማርኛውን አስረስቶ የመለሰው ልጅ አንድና ሁለት አይደለም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ "ይቺንም ፕኒሚያ በላት" አሉ፣ ደብዳቤያቸውን ይዘው ሌላ ልጅ ፍለጋ ሄዱ። ይታየሽ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘግታ ሳቀች። ለአንድ በዓል ብቻ የታሰበ ውሸት ነበር። ነገር ግን ውሸት እንዲህ ተመችቶ ሲገኝ ማን ይተወዋል? በዓሉ አለፈ፣ ውትድርናዋን ጨረሰች፣ አግብታ ክፋር ግቢሮል በሚባለው ሰፈር ቤት ያዘች፣ አድቫ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች፤ ውሸቱ አብሯት ኖረ።

ጥቅሙም ቀላል አልነበረም። ሰው የማይሰማው ሰው ፊት የሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል። በየሠርጉ አጠገቧ የተቀመጡ ሴቶች የቀሚሷን ማጠር፣ የባሏን ዝምታ፣ ሁለተኛ ልጅ አለመውለዷን እያነሱ ሲጥሉ፣ እሷ ፈገግ ብላ ሳህን ታቀብላቸዋለች። "ፊቷ እንዴት ያምራል፤ ምን ያደርጋል፣ ድንጋይ!" ይላሉ። እሷም በልቧ "ድንጋይስ እናንተ" ትላለች። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ንቀቷ የተቀለበው በዚህ ነው። የራሳቸውን ወሬ እየመገቡ አሳደጉላት።

ዋጋውን የከፈሉት እናቷ ናቸው። ወይዘሮ ድንቅነሽ በስተርጅና ከገበያም ከአውቶቡስም ዕብራይስጥ ለቃቅመው፣ ገና ያልበሰለ ሽሮ የመሰለ ንግግር ሠርተው ልጃቸውን በዚያ ያነጋግሯታል። "ይታየሽ፣ ሎኽል? ቶቭ?" ይላሉ፤ በላሽ ወይ፣ ደህና ነሽ ወይ ለማለት ነው። ከዚያ ያለፈ ቃል የላቸውም። ልጅቱ ኦስናት ተብላ ከሃያ ዓመት በላይ ብትኖርም እሳቸው ይታየሽ ማለትን አልተዉም። የሷንም መልስ አብዛኛውን ሳይሰሙት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናትና ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው እንደ እንግዳና እንደ አስተናጋጅ ይነጋገራሉ።

ዓርብ ዓርብ ጧት ኦስናት የእናቷን መድኃኒት ይዛ ትመጣለች። ወይዘሮ ድንቅነሽ ደግሞ ዓርብ ጧት ቂርያት ጋት ካለችው እህታቸው ጋር በስልክ የሚጨዋወቱበት ሰዓት ነው። ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስልኳን እየነካካች፣ እሳቸው ያወራሉ።

"ደግ ናት እኮ፤ መድኃኒቴን ታመጣለች፣ ማቀዝቀዣዬን ትሞላለች። ግን እህቴ፣ ከግድግዳ ጋር መኖር ሰለቸኝ። አባቷ መንግስቴ ሊሞት ሲል ለሷ ያለኝ ቃል አለ። ይኸው ሦስት ዓመት በአፌ ይዤው እዞራለሁ። በእኔ ዕብራይስጥ አደራ ይነገራል? እንዴት ብዬ?"

እህትየዋ ወዲያ ማዶ ሆና አንድ የተማረ ልጅ ጠርተሽ አስተርጉሚ ትላቸዋለች መሰለኝ፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ ቱግ ይላሉ።

"ምን በወጣኝ! የሟች አደራ በአስተርጓሚ ይላካል? ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፤ ለባለቤቱ፣ እሱ በተናገረበት ቋንቋ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እሷ አማርኛ እስክትማር እጠብቃለሁ፤ ካልተማረችም ይዤው እቀበራለሁ።"

ኦስናት ይህን ሁሉ አንድ ቃል ሳይቀርባት ሰማች። ፊቷ አልተለወጠም፤ ልምድ አላት። በልቧ "የሽማግሌ ኑዛዜ ምን አዲስ ነገር አለው? ሰንበትሽን አክብሪ፣ እናትሽን ጡሪ ብሎ ይሆናል" አለች፤ አባቷንም እንደ ደንበኛ ከእግሩ እስከ ራሱ ለካችው። ነገር ግን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ያ ቃል አይለቃትም ነበር። ማወቅ ትፈልግ ነበር፤ በጣም ትፈልግ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ብትናገር ያገኘችው ነበር። ያን ከተናገረች ግን ያ ሁሉ ዓርብ ሊወጣ ነው፤ እናቷ "ግድግዳ" ሲሏት፣ ሲያለቅሱባት፣ ስለሷ ፈጣሪን ሲለምኑ ተቀምጣ ስትሰማ እንደነበር ሊታወቅ ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ፈሪ ናት፤ ፍርሃቷንም ንቀት አልብሳ ነው የምትዞረው።

በፈረንጆቹ 2015 ከፋሲካ በኋላ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ሁለት ሴቶች መደብሯ ገብተው ጫማ እያገላበጡ በአማርኛ ያሟት ጀመር። "ይቺ ጥቁር ፈረንጅ ዋጋውን ራሷ ጨምራበት ነው እንጂ" አለች አንደኛዋ። ኦስናት ዘወር ብላ አየች፤ የሚያውቃት ሰው የለም። ከዚያም ጥርት ባለ አማርኛ "እናቴ፣ ዋጋውን የጨመረው ባለቤቱ ነው። ስድቡን ግን በነፃ ወስጃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለቻቸው። ሴቶቹ ጫማውን ጥለው ወጡ። እንዲህ ያለውን ደስታ ለራሷ የምትፈቅደው አልፎ አልፎ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ብቻ ነበር።

የዚያን ቀን ግን አያላ የምትባል ወጣት ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ሰማቻት። አያላ እዚሁ አገር የተወለደች፣ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቷ የምትማር ልጅ ናት። አማርኛዋ ሴትን "ደህና ነህ" የሚል ዓይነት ነው፤ የምታጠናው ግን ሰዎች ስለ አማርኛ ያላቸውን አመለካከት ነው። ኦስናት ይህን ስትሰማ የልጅቱን የተበላ ጫማ ካየች በኋላ "ጉድ ነው" አለች በልቧ።

አያላ በዕብራይስጥ አስረዳቻት። አንድ ሰው አንዱን ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ያነባል። አድማጮች ተናጋሪው አንድ ሰው መሆኑ አይነገራቸውም። ብልህ ናት? ታማኝ ናት? ጎረቤት ብትሆን ትወዳላችሁ? ተብለው ድምፁን ይመዝናሉ። ያው ሰው በአንደኛው ቋንቋ ሲናገር ዝቅ ያለ ነጥብ ካገኘ፣ የተናቀው ቋንቋው ነው ማለት ነው። አንባቢዋ አንቺ ሁኚልኝ አለቻት።

ኦስናት ሳቀች። ይህማ የእሷ የዕለት ሥራ ነው፤ በሩ ላይ ቆማ ያለ መሣሪያ የምታደርገው። አሁን ሳይንስ ራሱ መጥቶ ልክ ነሽ ሊላት ነው። ያ አማርኛዋ ሲጣል፣ ያ ዕብራይስጧ ሲነሳ በቁጥር ታየዋለች። "የሚሰሙት የት ያሉ ሰዎች ናቸው?" ስትል ጠየቀች።

"ኔታንያ። እዚያ የሚያውቅሽ የለም።"

"እዚህ አማርኛ መቻሌን የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም።"

"ቤሰደር" አለች አያላ፤ እሺ ማለቷ ነው።

የተቀዳው በመደብሩ መጋዘን፣ በጫማ ካርቶኖች መሃል ነበር፤ ካርቶኑ ድምፅ ይውጣል። ጽሑፉ አሰልቺ ነገር ነው፤ ነገ ጧት በሰፈሩ ውሃ ስለሚቋረጥ ነዋሪዎች አስቀድመው ውሃ እንዲቀዱ የሚል ማስታወቂያ። ዕብራይስጡን እንደ ዜና አንባቢ አነበበችው። አማርኛውን ስትጀምር ግን የራሷ ድምፅ አስደነገጣት። አፏ ሳያስፈቅዳት የአባቷን የወገራ አማርኛ አወጣው፤ "ወንድምና እህቶቼ፣ ነገ ጧት ውሃ የለም" ስትል አቶ መንግስቴ ራሳቸው ከካርቶኑ ጀርባ የቆሙ መሰላት። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። አንብባ እንደጨረሰች አያላን በጥድፊያ ሸኘቻት።

ወር ያህል ቆይቶ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ድንቅነሽ ደወሉላት። "ይታየሽ፣ ሃዮም ማትናስ። አት፣ አኒ፣ ኦቶ። ቤሰደር?" አሉ። ዛሬ ሕዝብ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ፣ በመኪናሽ አድርሽኝ ለማለት ነው። አዳራሹ ከሄርዝል ጎዳና ወዲያ ማዶ ስለሆነ በእግር አይሞከርም። ኦስናት አደረሰቻቸው፤ ደግፋ አስገባቻቸው። ከፊት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተቀምጧል፤ ከጠረጴዛው ኋላ አያላ።

ኦስናት እናቷን አስቀምጣ አያላን ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተቻት።

"ኔታንያ ብለሽኝ አልነበረም?"

"የኔታንያው አዳራሽ እድሳት ላይ ነው፤ አስተማሪዬ ደግሞ አጣድፎኛል" አለች አያላ። "ለምን ትፈሪያለሽ? አማርኛ መቻልሽን እዚህ የሚያውቅ የለም ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። ስለዚህ በአማርኛው ማንም አይጠረጥርሽም። እንዲያውም ከኔታንያ ይሻላል!"

ይህ ነው እንግዲህ መማር። ጎረቤት የጎረቤቱን ሳል እየለየ በሚኖርበት ሰፈር፣ ድምፅ አይታወቅም ብላ ዶክትሬት የምትጽፍ ልጅ። ኦስናት ወደ እናቷ ተመልሳ በዕብራይስጥ "ኢማ፣ ያላ፣ እንሂድ" አለች። ወይዘሮ ድንቅነሽ ግን ከጓደኞቻቸው መሃል ተመቻችተው ተቀምጠዋል፤ ጭማቂም ተቀድቶላቸዋል፤ እጃቸውን አራግበው ከለከሏት። ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንድ ቃል በአማርኛ ብትላቸው ኖሮ ነገሩ ሁሉ በሁለቱ መካከል ይቀር ነበር። አላለችም። "ጆሯቸው ደክሟል፤ አያውቁኝም" ብላ ሄዳ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ ስለማይጽፉ አያላ በጣት እንዲመዝኑ አድርጋለች፤ መጥፎ ለሆነ አንድ ጣት፣ በጣም ጥሩ ለሆነ አምስት። መጀመሪያ የማያውቁት ሰው በዕብራይስጥ ሲናገር ተሰማ። "ታማኝ ይመስላችኋል?" ተባሉ። አዳራሹ ሙሉ አምስት ጣት ሆነ። "ብልህ ነው?" አምስት። "ጎረቤት ቢሆን?" አምስት።

"ዝቅ ማድረግም ይቻላል" አለች አያላ ግራ ገብቷት።

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌው አባ ቢሻው የዝንብ ጭራቸውን ወደ ላይ አቆሙ። "ልጄ፣ ሰውየውን አላየነው፤ አልበደለን። በድምፁ ብቻ ነቅፈን በሰው ፊት ጣት እንድንቀንስበት ነው የምትፈልጊው? ይሄ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።" ሁሉም "ነውር ነው" አሉ። ከኋላ የቆመችው ኦስናት በንቀት ፈገግ አለች። የእነዚህን ሰዎች ልብ ሊመዝኑ በመጡት ሳቀች፣ በተመዛኞቹም ሳቀች።

ቀጥሎ የእሷ ዕብራይስጥ መጣ። ገና ሁለት ቃል እንደተሰማ ወይዘሮ ድንቅነሽ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ልጄ ናት! የእኔ ይታየሽ ናት! እዩዋት፣ ዕብራይስጡን እንደ ፈረንጅ ስታፈሰው!"

አዳራሹ እልል አለ። አባ ቢሻው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሥር ጣት ሰጧት። አያላ ራሷን ያዘች። ኦስናት እናቷ እንዲህ ኮርተው ሲያበሩ አይታቸው አታውቅምና ፈገግታዋ ጠፋ፤ የሚከተለው ድምፅ የቱ እንደሆነ ታውቃለች። ማጉያውን ልትነቅል አንድ እርምጃ ተራመደች፤ አልደረሰችበትም።

"ወንድምና እህቶቼ፣ ነገ ጧት ውሃ የለም…"

አባ ቢሻው ጭራቸውን አነሱና "ውሃ ሊቋረጥ ነው እንዴ?" አሉ። ቅድም በዕብራይስጥ ሲነገር ማን ሰምቶት! ወንበር ተንጫጫ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሊሞሉ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወደ በሩ ገሰገሱ። "ውሸት ነው! ማለት፣ ምሳሌ ነው! ውሃው አይቋረጥም!" እያለች አያላ በዚያ በተሰበረ አማርኛዋ በሩን ዘጋች። ሳቅና ጫጫታ ሆነ። ከቦታቸው ያልተነቃነቁት ወይዘሮ ድንቅነሽ ብቻ ነበሩ። እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነው፤ ዓይናቸው ማጉያው ላይ።

ሰው ተረጋግቶ ሲቀመጥ አያላ ጠየቀች። "ይቺ ሴት ታማኝ ናት?"

"ቀድማ ያስጠነቀቀችን ልጅ እንዴት ታማኝ አትሆንም?" አሉ አባ ቢሻው። "የወገራ ልጅ ናት፤ ማር ነው አማርኛዋ። እናቷ የታደለች! የማን ልጅ ናት?" እጆች ሁሉ ተነሱ፣ አምስት አምስት ጣት። አንድ እጅ ሳይነሳ ቀረ።

"እማማ፣ እርስዎስ?" አለች አያላ።

"አላውቃትም" አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ።

"ማወቅ አያስፈልግም፤ ድምፁን ሰምተው ብቻ…"

"ሰማሁት። አላውቃትም አልኩሽ።"

ወደ ኋላ አልዞሩም። ኦስናት ግን ከጀርባቸው ሆና ትከሻቸው ቀስ እያለ ሲወርድ አየች። እናቷ ዓርቦቹን እየቆጠሩ ነው። በስልክ ያሉትን፣ ያለቀሱትን፣ ግድግዳ ብለው የጠሯትን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሱ ነው። ኦስናት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ከጫማዋ ጀምራ ወደ ላይ አየች፤ ናቀቻት።

ሲመለሱ ሄርዝል ጎዳና በመኪና ተጨናንቋል። ወይዘሮ ድንቅነሽ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ኦስናት ስድብ ጠበቀች፤ ለስድብ መልስ አዘጋጅታ ነበር፣ በዕብራይስጥ፣ ስለዚያ ስለ ጎረቤቷ ሕመም፣ ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ስለ ልጅነቷ። ስድብ አልመጣም። አንድ ባንክ ፊት ለፊት ቀይ መብራት ያዛቸው። ኦስናት መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠችና ሃያ ዓመት የደበቀችውን ቋንቋ በገዛ እናቷ ፊት አወጣችው።

"እምዬ፣ ይቅር በይኝ" አለች። "አባዬ ለእኔ ያለሽን ቃል ንገሪኝ። ይኸው፣ እሰማለሁ። ሁሉንም እሰማለሁ።"

ወይዘሮ ድንቅነሽ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ከጫማዋ ጀመሩና ቀስ እያሉ ወደ ላይ አዩዋት፤ ዓይናቸው ፊቷ ጋ ደርሶ ቆመ።

"ኦስናት" አሉ፤ በዚህ ስም ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። "አኒ ሎ ሜቪና።"

ከዚያ መልሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ።